ፍሪጄን ጎረቤት ያሳደርኩ ለት

ዶን ኢቫሪስቶ የሞተ ለት ያለቀስኩት ለሱ አልነበረም፤ ለቤቴ ነው። አከራዬ ነበር። ደግ ነበር ልበል እንዴ? ደግ አልነበረም፤ ሰነፍ ነበር። ኪራይ ለመጨመር ደረጃውን መውጣት አለበት፣ የቫልፓራይሶ ደረጃ ደግሞ ወጣቱንም ምላስ ያስወጣል። ስለዚህ ዓመት በመጣ ቁጥር ከሥር ቆሞ "ዙኒልዳ! እንዳለ ነው!" ብሎ ይጮሃል፤ እኔም ከላይ "እግዜር ይስጥልኝ ዶን ኢቫሪስቶ!" እላለሁ፤ በቃ፣ አለቀ። ሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ የልጁ ጉልበት እንዴት ይሆን?

የልጁ ጉልበት ደህና ነበር። ራሚሮ ይባላል፤ ከሳንቲያጎ መጣ። ጫማው ሹል፣ እግሩ የፍየል። ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጥቶ ደጃፌ ላይ ቆመ፤ ትንፋሹ እንኳን አልተቆራረጠም።

"ዶኛ ዙኒልዳ" አለኝ፣ "አባቴ እርስዎን ሲጦር ነው የኖረው። እኔ የምጦራቸው ልጆች አሉኝ።"

ኪራዩን እጥፍ አደረገው። ክረምቱ እስኪወጣ ታገሰኝ፤ ከዚያ ወዲያ ወይ እከፍላለሁ ወይ እወጣለሁ።

"የት ነው የምወጣው?"

"ልጅ የለዎትም?"

ልጅማ አለኝ። ሰሜን፣ በረሃው ውስጥ፣ መዳብ ማውጫ ይሠራል። ለገና ይደውላል፤ ሚስቱ ከኋላው "በል ዝጋው" ስትል ይሰማኛል። ይሄን ለራሚሮ አልነገርኩትም። የቤቴን ገመና ለሹል ጫማ አልዘረግፍም።

ልጅ የማይቀበለው ሽማግሌ የት እንደሚገባ አውቃለሁ። ከኔ በታች ኤርሜሊንዳ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ወድቃ ወገቧ ሲታመም "ለጊዜው ነው" ብለው የአረጋውያን መጦሪያ ወሰዷት። ሄጄ ጠየቅኋት። ንጹሕ ቦታ ነው፤ ወለሉ ፊት ያሳያል። ሁሉም ግድግዳውን ተደግፈው ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ ማንም አያየውም። ኤርሜሊንዳ፣ ያቺ የመንደሩን ወሬ በጠዋት ለቅማ ለምሳ የምታደርስልን ሴት፣ አጠገቤ ተቀምጣ "ማን ከማን ተጣላ?" እንኳን አላለችኝም። ፀጉሯን እንደ ወንድ ልጅ ከርክመዋታል።

"አንቺ፣ ፀጉርሽን ምን አደረጉት?"

"ለማጠብ ይቀላል አሉ።"

ከዚያ ወዲህ ፀጉሬን ሳልጎነጉን ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

ስለ እርዳታው የነገረችኝ አበልጄ ኔሊ ናት። ልጄን ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት፤ ለልጁ ግን አንድ ቀን ምክር ሰጥታው አታውቅም፣ ሁሉንም ለኔ ነው ያጠራቀመችው። ጤና ጣቢያ የደም ግፊት ክኒን ወረፋ ይዘን ጆሮዬ ውስጥ ገባች።

"ለሽማግሌ መንግሥት ኪራይ ይከፍላል አሉ። ትልቁን እሱ ይከፍላል፣ አንቺ ጭራዋን ብቻ።"

"ማን ነው ያለሽ?"

"የዳቦ ቤቱ ሰውዬ አክስት አግኝታለች።"

"ያቺማ እንኳን ኪራይ፣ ባልም ከመንግሥት ታስወጣለች።"

ተሳሳቅን። ያደረብኝ ግን ተስፋ ይሁን ፍርሃት አልለየሁትም። በኔ ዕድሜ ሁለቱም አንድ ቦታ ነው የሚቀመጡት።

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ቁጥር ቆርጬ ተቀመጥኩ። ዓይኔም ፊደሌም ደካማ ስለሆነ ቁጥሬን አጠገቤ ላለው ሰውዬ አሳይቼ "ሲደርስ ንገረኝ" አልኩት፤ እሱ ራሱ ተኛ፣ ሁለታችንም አለፈን፣ እንደገና ቆረጥን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ጠየቀችኝ፤ ብቻዎን ነው? በምን ይተዳደራሉ? የኪራይ ውል አለዎት? "በጡረታ" አልኩ። ውሉን ራሚሮ ፈርሞልኛል፤ "መንግሥት የሚከፍል ከሆነ ሰይጣንም ይኑርበት" ብሎ ነው የፈረመው። ልጅቷ ተቀበለችኝና፣

"ሐሙስ ጠዋት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቤትዎን ለማየት ትመጣለች" አለችኝ።

ለማየት! እኛ ኮረብታ ላይ "ለማየት" ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ድሮ፣ ልጄ ሕፃን እያለ፣ የመንግሥት ሴትዮ የነጥብ መዝገብ ታቅፋ ቤት ለቤት ትዞር ነበር። ፍሪጅ ካለሽ ነጥብሽ ከፍ ይላል፤ የውሃ ማሞቂያ ካለሽ ከፍ ይላል፤ ነጥብሽ ከፍ ካለ ደህና ነሽ ማለት ነው፣ እርዳታው ቀረብሽ። እኛስ መቼ ሞኝ ሆንን? ሴትዮዋ ከታች ስትታይ ልጆቹ ያፏጫሉ፤ ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን በጓሮ በጓሮ ይተላለፋል። አንዴ የኔሊ ፍሪጅ ከነዓሣው ሰፈሩን ዞሮ ሲመለስ ዓሣው አልነበረም። እስካሁን ማን እንደበላው ታጣራለች።

ኔሊ ወሬውን ስትሰማ "አውጪው" አለችኝ። "ሁሉንም አውጪ። አንዲት ማንኪያ እንዳታይ።"

"ኧረ ዘመኑ ተለውጧል ይላሉ።"

"ዘመኑ ይለወጥ፤ መንግሥት መቼ ተለወጠ?"

ኔሊ የምትኖረው ከሥር ነው፤ ፍሪጅ ተሸክሞ ያን ሁሉ ደረጃ የሚወርድ የለም። ከግድግዳዬ ማዶ ያለችው ኦርቴንሲያ ብቻ ናት። ከኦርቴንሲያ ጋር ደግሞ ከተኮራረፍን ከርመናል። ምክንያቱ ይሄን ያህል አይደለም፤ ባሏ ኦስቫልዶ ፀጉሩን ቀለም ይቀባል ብዬ ነበር። ይቀባል! የትራስ ልብሱ ገመድ ላይ ሲሰጣ ማንም ያየዋል።

ኩራቴን ውጬ አንኳኳሁ።

"እስከ ሐሙስ ብቻ" አልኳት።

"ከማን ልትደብቂ?"

"ከማዘጋጃ ቤት።"

ዓይኗ በራ። ይሄ ነው ያስፈራኝ፤ በዕድሜዋ ምስጢር ጠብቃ የማታውቅ ሴት ናት። የነገርሻት ነገር ከአፏ ወጥቶ ካንቺ ቀድሞ ቤትሽ ይደርሳል።

"ማንም ቢጠይቅሽ ምንም አላየሽም" አልኳት። "ጳጳሱም ቢመጣ።"

"ጳጳሱም ቢመጣ" ብላ ጣቷን አጣምራ ስማ ማለችልኝ።

ኦስቫልዶ ፍሪጁን፣ የጋዝ ምድጃውን ከነሲሊንደሩ፣ የላምባ ማሞቂያውን፣ ቴሌቪዥኑን አንድ በአንድ እያቃሰተ ወሰደ። ኔሊ ከበሩ ላይ ሆና "ቀስ፣ ቀስ፣ ቀለሙ እንዳይለቅ!" ትለዋለች፤ የትኛውን ቀለም እንደሆነ እግዜር ይወቅ። የመታጠቢያ ቤቱ የውሃ ማሞቂያ ከግድግዳ አልነቀል ስላለ ጨርቅ አለበስኩትና የእመቤታችንን ሥዕል ሰቀልኩበት።

ከዚያ ቤቴን አየሁት። ባዶ ቤት ደስ አይልም። ፍሪጁ የነበረበት ወለል ላይ ነጭ ምልክት ቀርቷል፤ ሰው ተጋድሞ የተነሳበት ይመስላል። ዝናቡ ጀመረ፣ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ በቆርቆሮው ሥር ገባ፣ ማሞቂያ የለኝ፣ ሻይ የማፈላበት የለኝ። "ቤቱን ያጣሁ ለት እንዲህ ነው የሚሆነው" አልኩ። ካፖርቴን ለብሼ አልጋ ውስጥ ገባሁ።

ሐሙስ መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ካሪና እባላለሁ አለችኝ፤ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ይወዛወዛል፤ ጫማዋ ውሃ ጠጥቶ እንደ እንቁራሪት ይጮሃል። ያለችው አንድ ወንበር ስለሆነች እኔን አስቀመጠችኝና ራሷ ቆመች። ዙሪያውን አየች።

"ዶኛ ዙኒልዳ፣ ምግብ በምን ነው የሚያበስሉት?"

"እሱ ያውቃል" ብዬ ወደ ላይ አሳየሁ። አነጋገሬ ለራሴም ደስ አለኝ።

"ሰሞኑን ምን ሲበሉ ነበር?"

"ዳቦ።" ማክሰኞ ለት ቦሎቄ ነበር የበላሁት፣ ከነቋሊማው፣ ደግሜ።

"ዳቦ ብቻ? ሻይስ?"

"ሻይ በምን አፍልቼ፣ ልጄ።"

"ሲበርድዎትስ?"

"እተኛለሁ።"

"የሚጠይቅዎት ሰው አለ?"

"ማን ይጠይቀኛል?"

እሷ ትጽፋለች፤ እኔ ነጥቤ ወርዶ ወርዶ ሲሰምጥ ይታየኛል። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ተሳካልሽ፣ ዙኒልዳ፣ አልኩ በልቤ። ጉልበቷን አጥፋ ፊቴ ቁጭ አለችና እጄን ያዘች።

"እጅዎ በረዶ ሆኗል። ይስሙኝ፣ አይደንግጡ። የኪራዩ እርዳታ ራሱን ችሎ መኖር ለሚችል ሰው ነው። እርስዎን እዚህ ትቼ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ ንጹሕ ቦታ አለ፤ አልጋ ካለ ልደውልና ልጠይቅ። ለጊዜው ነው።"

ለጊዜው ነው።

እጄ ሳላዘው ፀጉሬ ላይ ሄደ። ጉንጉኔን ያዝኩት።

"ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለችኝ፤ እንዲህ ተብሎ ለልጅ ነው የሚነገረው። ስልኳ ቤት ውስጥ አልሰማ ስላላት ወጥታ ከቆርቆሮው ሥር ቆመች። "አንዲት አሮጊት አሉ" ስትል እሰማታለሁ። "አዎ፣ ብቻቸውን። ምንም የላቸውም። ምንም! መኪና ዛሬ ይገኛል?"

ብናገር ውሸታም ነኝ፤ ለውሸታም ማን ኪራይ ይከፍላል? ራሚሮ ደግሞ ክረምቱ እስኪወጣ ጣቱን እየቆጠረ ነው። ዝም ብል መኪናው ከሥር ይቆማል፤ ሁለት ጎረምሳ ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው፣ ሰፈሩ በሙሉ በመስኮት እያየ፣ ያን ደረጃ ያወርዱኛል። ሲያወርዱት ያየሁት ሰው ተመልሶ ሲወጣ አላየሁም። ወንበሩን ተደግፌ ተነሳሁ፤ ወጣሁ።

"ስልኩን ዝጊው፣ ልጄ። ዋሽቼሽ ነው። ፍሪጅ አለኝ።"

በሐዘኔታ አየችኝ። "እሺ፣ ዶኛ ዙኒልዳ።"

"ምድጃም አለኝ! ቴሌቪዥን አለኝ፣ ባለ ቀለም!"

"እሺ፣ እሺ። ዝናቡ መታዎት፣ ይግቡ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለስልኩ "ትንሽም ተምታቶባቸዋል መሰለኝ" አለች።

ተምታቶባቸዋል! እዚህ ላይ ነው የእውነት የፈራሁት። ለድሃ ሰው እርዳታ ሊከለክሉት ይችላሉ፤ ተምታቶበታል ከተባለ ሰው ግን ቃሉንም ይቀሙታል። ከዚያ በኋላ "ደህና ነኝ" ባልኩ ቁጥር "እሺ፣ እሺ" ነው። እጅጌዋን ይዤ ጎትቼ የኦርቴንሲያን በር ደበደብኩ።

ኦርቴንሲያ ከፈተች። ከኋላዋ ፍሪጄ ቆሟል፤ የሷ ድስት ተቀምጦበታል፤ ዳንቴልም አልብሳዋለች።

"ኦርቴንሲያ፣ ፍሪጁ የማን እንደሆነ ለዚች ልጅ ንገሪያት።"

እኔን አየች። ልጅቷን አየች። አንገቷ ላይ ያለውን መታወቂያ አየች።

"የኔ ነው" አለች።

"አንቺ ሴትዮ!"

"ምንም አላየሁም" አለችና በአንድ ዓይኗ ጠቀሰችኝ። "ጳጳሱም ቢመጣ።"

ዕድሜዋን ሙሉ ወንፊት ሆና የኖረች ሴት፣ ጌታ ሆይ፣ ያን ዕለት ብቻ እንስራ ሆነች!

"መሐላሽን ፈትቼልሻለሁ፤ ንገሪያት!"

"ምኑን ነው የምነግራት? አመመሽ እንዴ?"

የካሪና እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ቀላል፣ ለስላሳ፣ እንደ ነርስ። "ይምጡ፣ ዶኛ ዙኒልዳ። ይበርዳል።" ስልኩ እጇ ላይ አሁንም ክፍት ነው፤ "ሄሎ? ሄሎ?" ይላል። የማደርገው ሲጠፋኝ፣ ደረጃው ላይ ያለው ሁሉ እስኪሰማ ጮህኩ፤

"ሌባ! ፍሪጄን ልትዘርፊኝ ነው!"

ኦርቴንሲያ እንደ ማንቆርቆሪያ ፈላች።

"ሌባ? እኔ? ለዚህ ለሚያንኮራፋ ቆርቆሮ? ከባሌ ጋር እየተቀባበሉ ሲያንኮራፉ ነው ያደሩት! ውሰጂልኝ! ስሚ፣ የኔ እመቤት፣ ይቺ ሴትዮ ናት ምንም የሌላት? ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ቦሎቄ ታበስላለች፤ ሽንኩርቱን ሁልጊዜ ታሳርረዋለች፤ ጭሱ የሚገባው እኔ ቤት ነው! ባለፈው ነፋሱ ቆርቆሮዋን ሲነቅለው ጣራ ላይ ወጥታ ራሷ መታችው፣ በቀሚስ! ኦስቫልዶን እንኳን አልጠራችውም፤ እሱ ግን ከሥር ቆሞ ሲያይ ነበር! ድራማዋን ስለምታስጮኸው እኔ አንድ ቀን ሳላየው ማን ከማን እንዳረገዘ በቃሌ አውቃለሁ!"

"ተምታቶባቸዋል መስሎኝ—" አለች ካሪና።

"ተምታታባት? ይቺ? የሰፈሩን ሰው የሠርግ ቀን፣ የበኩር ልጁን የልደት ቀን፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ወር ቆጥራ የምታውቅ ሴት! ጠዋት ከወፍ በፊት ተነስታ በመጋረጃው ቀዳዳ እኔን ስትሰልል አያታለሁ!"

"አንቺ እኔን ባትሰልዪ እንዴት አየሽኝ?"

"ዝም በይ! ጠያቂ የለኝም አለችሽ? አበልጇ ያን ደረጃ እያለከለከች በየቀኑ ትመጣለች፤ ሁለቱ ተቀምጠው ሥጋችንን ሲበሉ ነው የሚውሉት! ዝናብ ሲሆን ደግሞ የዱባ ቂጣ ጠብሳ ደረጃው ላይ ትሸጣለች፣ ወረፋው ደጃፌን—"

ቀጥ አለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የካሪና እስክሪብቶ ቆመ። "ይሸጣሉ?"

ቂጣውን ማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ላይ አልተናገርኩም ነበር። ኦርቴንሲያ ይሄን መረዳቷ ከፊቷ ታየኝ፤ እንደ አመድ ነጣች። ኩርፊያችን ኩርፊያ ነው፤ ከቤት ልታስወጣኝ ግን አልፈለገችም።

"ለዘይትና ለላምባ ያህል ናት" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ። "አልተናገርኩም። ፈራሁ።"

"ምኑን ፈሩ?"

"ሁሉንም ነዋ። ካለኝ እርዳታ የለም። ከሌለኝ መጦሪያ። የቱን ያህል ይኑረኝ? አንቺ ንገሪኝ፣ ልጄ፤ የቱን ያህል ድሃ ልሁን?"

ስልኳን ጆሮዋ ላይ አደረገች። "መኪናው ይቅር" አለች፤ ዘጋችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ አሁን እንደ ልጅ አላየችኝም፤ ተቆጥታለች። ቁጣዋ ደስ አለኝ። ለተምታታበት ሰው ማንም አይቆጣም።

"ሁሉንም እጽፋለሁ" አለች። "ቆርቆሮውን፣ ቂጣውን፣ መደበቁንም።"

"መደበቁንም?"

"እሱንም። ራሳቸውን ችለው ይኖራሉ ብዬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ በላይ የምወስነው እኔ አይደለሁም። ሌላ ነገር ደብቀዋል?"

መታጠቢያ ቤት ወስጄ እመቤታችንን አነሳሁላት። ማሞቂያው ሲወጣ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ ይሁን ንዴት አልለየሁም። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ "ሌላ ቀን ሳልናገር እመጣለሁ" አለችኝ። የጫማዋ ጩኸት ደረጃውን እስኪጨርስ አዳመጥኩ።

ኦስቫልዶ ዕቃውን መለሰ። ሁሉም ነገር ቦታው ገባ፤ እኔ ግን ቦታዬ አልገባሁም። ክረምቱን በሙሉ እንዲሁ ቆየሁ። ራሚሮ አንዴ መጥቶ ክፍሎቹን በእርምጃው ሲለካ አየሁት፤ ሻይ አልሰጠሁትም። ኔሊ "ያ ሁሉ ያንቺ ምላስ ነው" ትለኛለች፤ "ያንቺ ምክር ነው እንጂ" እላታለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ ዝም ማለት ደግሞ ለኛ በሽታ ነው።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል ካሪና ደወለች። ተቀብለውኛል። ቂጣው ተቆጥሮብኛል፤ የምከፍላት ጭራ ትንሽ ረዝማለች፤ ዘንድሮ ግን ከቤቴ የሚያስወጣኝ የለም። "በየዓመቱ እንደገና ይታያል" አለችኝ። "ይታያል" ስትል ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ኦርቴንሲያ አሁንም አታናግረኝም፤ ሌባ ብያታለሁና እውነቷን ነው። በግድግዳው በኩል ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ሬዲዮኗን ጨመረችብኝ። ቢሆንም በሷ በኩል ያለውን መጋረጃ ዘግቼው አላውቅም። ምድጃውን የምለኩሰው መስኮቱ ፊት ለፊት ቆሜ ነው። አንዳንዴ ያለ ምክንያት ጣራ ላይ እወጣለሁ። ትየኝ፤ ቢጠይቋት የምትናገረው አትጣ።

ከደረጃው የማላውቀው ኮቴ ሲመጣ ግን ሁሉን ትቼ ቀጥ እላለሁ። ወደ ላይ ይመጣል፣ ይመጣል፤ እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። ከግድግዳው ማዶም ሬዲዮኑ ዝም ይላል። እሷም እያዳመጠች ነው።